ሚዛን፣ ኮስቲክ ሶዳ እና ስድስት ሳምንት

ዛሬ የተቆረጠ ሳሙና ለገበያ የሚደርሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። የገላ ሳሙና ሠርቶ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ከዘይቱም፣ ከሽቶውም፣ ከማሸጊያውም በፊት ይህን አምኖ መቀበል አለበት። ገንዘቡ ለአንድ ወር ተኩል መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ያንን መቋቋም ያቃተው በሁለተኛው ሳምንት ለጎረቤት ይሸጣል፤ ሳሙናው ገና ለስላሳ ነው፣ በሦስት ቀን ተሟሙቶ ያልቃል፣ አንዳንዱን ቆዳም ያሳክካል። ጎረቤት ደግሞ ፊት ለፊት ባይናገርም ሁለተኛ አይገዛም። ቱሉ ዲምቱም ሆነ ለገጣፎ፣ ሰበታም ሆነ ሱሉልታ፣ የሰፈር ገበያ የሚቆመው በተመላሽ ደንበኛ ነው።

አንድ ነገር እንለይ። በከተማችን የሳሙና ስልጠና ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የፈሳሽ ሳሙና ስልጠና ነው፦ ቴክሳፖን፣ ሰልፎኒክ አሲድ፣ ጨው፣ ከለርና ሽቶ ከውኃ ጋር በበርሜል ማማሰል። ለዕቃና ለእጅ መታጠቢያ ይሆናል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ የሚሠራውም ሰው ብዙ ነው። እዚህ የማወራው ስለሌላው ነው፤ ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው የሚያቃጥል ኬሚካል ተዋሕደው፣ እሳት ላይ ሳይጣዱ፣ ራሳቸው ሳሙና ስለሚሆኑበት አሠራር። ከእሱ ጎን ለጎን ደግሞ ውኃ ስለማይገባባቸው የከንፈርና የገላ ቅባቶች።

ሚዛኑ ይቅደም

ኮስቲክ ሶዳ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ተለውጠው ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናሉ። ልኩ ከተጠበቀ ሲያልቅ ኮስቲክ የሚባል ነገር ውስጡ አይቀርም። ልኩ ግን እንደ ዘይቱ ዓይነት ይለያያል። 1 ግራም የኮኮናት ዘይት 0.183 ግራም ኮስቲክ ይፈልጋል፤ የፓልም ዘይት 0.141፣ የበሬ ሞራ 0.140፣ የሱፍ ዘይት 0.134፣ የጉሎ ዘይትና የሺያ ቅቤ 0.128። ስለዚህ አንዱን ዘይት በሌላው ተክቶ የኮስቲኩን መጠን እንዳለ መተው አይቻልም።

ለጀማሪ የምመክረው ቀመር ይህ ነው፦ 450 ግራም ፓልም፣ 250 ግራም ኮኮናት፣ 200 ግራም የሱፍ ዘይት፣ 100 ግራም ጉሎ። በድምሩ አንድ ኪሎ። እያንዳንዱን በራሱ ቁጥር ብታባዙት 63.5፣ 45.8፣ 26.8 እና 12.8 ግራም ይመጣል፤ ድምሩ 149 ግራም ገደማ። ይህ ዘይቱን አንድም ሳያስተርፍ ሁሉንም ሳሙና የሚያደርገው መጠን ነው። ለቆዳ እንዲለሰልስና ለትንሽ የሚዛን ስሕተትም መጠባበቂያ እንዲኖር አምስት በመቶ እንቀንሳለን፤ 141 ግራም ኮስቲክ ይሆናል። ውኃው የኮስቲኩ እጥፍ፣ 282 ግራም።

ቁጥሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ልብ በሉ። ከ141 ወደ 155 ግራም ቢያልፍ ሳሙናው ውስጥ ያልተዋሐደ ኮስቲክ ይቀርና ቆዳ ያቃጥላል። ወደ 125 ቢወርድ ደግሞ ከዘይቱ አሥራ ስድስት በመቶ የሚሆነው ሳይለወጥ ይቀራል፤ ሳሙናው አይጠነክርም፣ አረፋው ይሞታል፣ ቆይቶም የቆየ ዘይት ይሸታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በኩባያና በማንኪያ የተጻፈ የሳሙና ቀመር ሲሰጣችሁ አትሥሩበት። አንዱ ሱቅ የሚሸጠው ኮስቲክ ቅርፊት ቅርፊት ነው፣ ሌላው ጋ ደቃቅ ፍሬ ነው፤ አንድ ኩባያ የሁለቱ እኩል አይመዝንም። እስከ አምስት ኪሎ የሚያነሣ፣ አንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ዘይቱም ውኃውም ሽቶውም በግራም እንጂ በሚሊ ሊትር አይለካም።

ኮስቲኩ ራሱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ከትልቅ ከረጢት እየተቀነሰ በቀጭን ፌስታል የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አፉ ተከፍቶ የቆየ ስለሆነ ኃይሉ ይቀንሳል። ተጣብቆ ጓል የሠራ ወይም ላብ ያወጣ ከሆነ አትግዙት። ከገዛችሁ በኋላ ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ፣ ሥሩ ላይ 2 ወይም 5 ቁጥር በታተመበት ወፍራም ፕላስቲክ አስቀምጡት። ለቱቦ መክፈቻ የሚሸጠው ዱቄት ሌላ ነገር ሊቀላቀልበት ስለሚችል ለሳሙና አይሆንም።

ኮስቲክ የማይወዳቸው ዕቃዎች

ቤታችን ያለው ብረት ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ አሉሚኒየም ሲነካ ይፈላል፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ድስቱን ይበሳል። የማይዝግ ብረት ወይም 5 ቁጥር ፕላስቲክ ብቻ ተጠቀሙ፤ ማማሰያው ጭምር። የአሉሚኒየም ማንኪያ አንድ ጊዜ ቢገባ ሥራው በሙሉ ይበላሻል።

ከሁሉ የከፋው ልማድ የኮስቲክ ውሕድን በሃይላንድ ማስቀመጥ ነው። ፕላስቲኩ ራሱ በኮስቲክ ይበላል። ከዚያም በላይ፣ ውኃ የመሰለ ነገር በሃይላንድ ተቀምጦ ያየ ልጅ ያነሣና ይጠጣል። ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ ዕድሜ ልክ የሚቀር ጉዳት ነው። ውሕዱን የምትፈልጉትን ያህል ብቻ በዕለቱ ሥሩ፤ አታስቀምጡ። ልጆች ባሉበት ቤት የምትሠሩት እነሱ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ወይም ሲተኙ ይሁን።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በአጠገባችሁ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ አቁሙ። በዳር ሰፈሮች ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቧንቧን አምኖ ኮስቲክ መንካት አይገባም። ቆዳ ላይ ቢረጭ ወይም ዓይን ውስጥ ቢገባ መፍትሔው ብዙ ውኃ ነው፤ ለአሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ ማፍሰስ። ዓይን ከሆነ እያጠቡ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ። ኮምጣጤ ያረክሰዋል የሚባለውን አትስሙ፤ አሲድና ኮስቲክ ሲገናኙ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራሉ። ረጅም የጎማ ጓንትና በጎን የተዘጋ መነጽር ግዴታ ነው፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም።

የምትቀምሙበት ውኃም ይታሰብበት። በደቡብ በኩል ያሉ ሰፈሮች ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ ውኃ ይደርሳቸዋል፤ የከርሰ ምድር ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል፣ ሳሙናን ዝቃጭ ያደርገዋል። ለቅመማ የተጣራ ዲስቲልድ ውኃ ይሻላል። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ለባትሪ የሚሸጠውን ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ የባትሪ ውኃና የባትሪ አሲድ ጎን ለጎን፣ በተመሳሳይ ዕቃ ይደረደራሉ። አሲዱን ከኮስቲክ ጋር ማገናኘት ለሕይወት አደገኛ ነው። ጽሑፉን አንብባችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ካልተማመናችሁ ደግሞ ትታችሁ የፈላና የተጣራ ውኃ ተጠቀሙ። ደንበኛችሁ የሚታጠብበት ውኃ ከባድ ከሆነና ሳሙናው አረፋ የለውም ካላችሁ፣ ለአንድ ኪሎ ዘይት 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ በውኃው ውስጥ አስቀድማችሁ አሟሙ፤ እሱ ግን ራሱ 6 ግራም ኮስቲክ ስለሚበላ 141ዱ 147 ይሆናል።

አሠራሩ

በረንዳ ላይ፣ ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ። ኮስቲኩን ወደ ውኃው ጨምሩ፤ ውኃውን ወደ ኮስቲኩ በፍጹም። በተገላቢጦሽ ከሆነ ከላይ ያለው ቅርፊት በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ቀስ እያላችሁ፣ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ሙቀቱ ብቻውን ወደ 80 እና 90 ዲግሪ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ጉሮሮ ይቆርጣል። ጥርት እስኪል አማስሉና እስኪበርድ የተከለለ ቦታ አኑሩት።

ዘይቶቹን በውኃ ላይ በተጣደ ዕቃ አቅልጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውኃ ስትፈትሹት 92 ካሳየ አልተበላሸም፤ 100 ካሳየ ግን ጠርጥሩት። ዘይቱም የኮስቲክ ውሕዱም ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲደርሱ ውሕዱን በቀጭኑ ወደ ዘይቱ አፍስሱ። የእጅ ብሌንደሩን ለአምስት ሰከንድ አስነሡ፣ አጥፉና በእሱው አማስሉ፣ እንደገና አስነሡ። ያለማቋረጥ ማዞር አየር ያስገባል፣ ሳያስቡትም ቶሎ ያጠነክረዋል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ በእጅ መምቻ ቀጥሉ፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል እንጂ አይበላሽም።

ሠሪዎች ትሬስ የሚሉት ደረጃ የሚታወቀው ከማማሰያው የሚንጠባጠበው ክር ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ላዩ ላይ ተጋድሞ ሲቀር ነው። እዚህ ላይ የዳር ሰፈር ብርድ አንድ ወጥመድ ያመጣል። ጠዋት ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ያለ ቤት ውስጥ ፓልም በቆመበት ይረጋል። ዘይቱ ከ35 ዲግሪ በታች ሆኖ ከሠራችሁ ውሕዱ ወፍሮ ትሬስ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የወፈረው የረጋው ስብ ነው። ቅርጽ ውስጥ ሲገባ ኮስቲኩ ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ከተጠራጠራችሁ ዕቃውን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ወደ 40 ዲግሪ መልሱት። እውነተኛ ትሬስ ሲሞቅም ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ሐሰተኛው ይቀጥናል።

28 በ8 በ6.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ለዚህ ቀመር ልክ ነው። ቅባት በማያሳልፍ ወረቀት ወይም በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑት። አፍስሳችሁ መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት፣ አየሩ ይውጣ። ከዚያ ላዩን በላስቲክ ሸፍናችሁ በጋቢ ጠቅልሉት። ሳሙናው ከውስጡ ይሞቃል፤ ጋቢው ያን ሙቀት እስከ ዳር ያደርሰዋል። በብርድ ሳይሸፈን ያደረ ሳሙና ሲቆረጥ መካከሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ይታያል፤ መካከሉ ሞቆ ዳሩ ሳይሞቅ ስለቀረ ነው። ጉዳት የለውም፤ ለዓይን ግን አያምርም፣ ገዢም የተበላሸ ይመስለዋል።

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጣት ሲጫነው የማይጎደጉድ ሲሆን፣ በጓንት አውጡና በሁለት በሁለት ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። አሥራ አራት ፍሬ ይወጣል፤ እያንዳንዱ በእርጥቡ 100 ግራም አለፍ ይላል።

መደርደሪያው

ፍሬዎቹን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መደርደሪያ ላይ፣ በመካከላቸው የጣት ስፋት ትታችሁ ደርድሩ። የዛገ ሽቦ አትጠቀሙ፤ ብረት ሳሙናውን ቦታ ቦታውን ያጠቁረዋል። ፀሐይ አይንካው፣ አየር ግን ያግኘው፤ በየሳምንቱ አገላብጡት። በእነዚህ ሳምንታት ውኃው ይወጣል፣ የሳሙናው ውስጣዊ አሠራርም ይጠነክራል፤ አረፋው የሚሻሻለውና ዕድሜው የሚረዝመው ያን ጊዜ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ስድስት ሳምንት ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ግድግዳው ራሱ እርጥብ ስለሆነ ስምንት ሳምንትም ላይበቃ ይችላል። መቁጠር ሳያስፈልግ ማወቅ ይቻላል። ከእያንዳንዱ ድግስ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከሚሠራው ሳሙና፣ አንድ ፍሬ ምልክት አድርጉበት፣ በየሳምንቱ መዝኑት፣ ክብደቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለት ተከታታይ ሳምንት ከአንድ ግራም በላይ ካልቀነሰ ደርሷል። 104 ግራም የነበረው ወደ 90 ግራም ገደማ ይወርዳል፤ መለያው ላይ የምትጽፉት ይህንን እንጂ የመጀመሪያውን አይደለም። ገዢው የሚመዝንበት ሚዛን ባይኖረውም።

ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ይፈተን። እርጥብ ጣት ሳሙናው ላይ አሻሹና አረፋውን የምላስ ጫፍ አስነኩት። ኮስቲክ የቀረበት ሳሙና እንደ ባትሪ ጫፍ ይነዝራል፤ የደረሰው ሳሙና ሳሙና ሳሙና ብቻ ይላል። የነዘረ ድግስ አይሸጥም፤ ለልብስ ማጠቢያ ተፍቆ ሊውል ይችላል፣ ያውም በጓንት።

ችግር ሲመጣ ምክንያቱን ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ከለበሰ ከአየር ጋር የተገናኘ ኮስቲክ የፈጠረው ሶዳ ነው፤ ይፋቃል ወይም በእንፋሎት ይጠረጋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ላዩን በደንብ ሸፍኑት። እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ ኮስቲኩ በዝቷል ወይም ውኃው አንሷል። ከወር በኋላ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አውጥቶ የቆየ ዘይት ከሸተተ ዘይቱ ዝጓል። ይህኛው በእኛ አገር ብዙ የሚያጋጥመው ነው፤ የሱፍና የኑግ ዘይት ቶሎ የሚዝግ ዓይነት ስብ ስለሚበዛባቸው። የሱፍን ከሃያ በመቶ፣ ኑግን ከአሥር በመቶ አታሳልፉ፤ የተጠበሰበት ዘይት ደግሞ በፍጹም። ዘይት ስትገዙ ጠርሙሱን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ጥሬው ከሸተተ ሳሙናው ይብሳል።

ሞራን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው እላለሁ። ከልኳንዳ ይገኛል፣ ጠንካራና ነጭ ሳሙና ያወጣል። በብዙ ውኃና በትንሽ ጨው ቀቅሎ፣ አጥልሎ፣ አርግቶ፣ ከታች የቀረውን ቡናማ መፋቅ፤ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም። ቅድመ ሁኔታው ለደንበኛ በግልጽ መናገር ነው፤ የማን እርድ እንደሆነ የሚጠይቅ አለ፣ ከእንስሳ የሆነ ነገር ገላውን እንዲነካ የማይፈልግም አለ።

ቅጠላ ቅጠል፣ ሽቶ፣ እና ልክ

እንዶድ ሳይነሣ ስለ አገራችን መታጠቢያ ማውራት አይቻልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ቢልሃርዝያን በሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ላይ ያደረጉት ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። ያ ታሪክ የሚነግረን ግን እንዶድ ኃይለኛ መሆኑን ነው። የሚያረፋው ሳፖኒን ዓይንና አፍንጫ ያስቆጣል። ለጋቢና ለነጠላ እንጂ ለገላ ሳሙና አታስገቡት።

ጦስኝ፣ አሪቲና ሬት ሳሙና ውስጥ ሲገቡ ከኮስቲኩ ጋር ይታገላሉ፤ መዓዛቸው ይጠፋል፣ አረንጓዴያቸው በጥቂት ሳምንት ቡናማ ይሆናል። እርድ የሚያምር ቢጫ ይሰጣል፣ ለኪሎ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ብርሃን ላይ ከቆየ ይደበዝዛል። የቡና አተላ ለእጅና ለእግር ሳሙና ጥሩ ነው፤ ግን ከጀበናው እንደወጣ አይገባም። በፀሐይ ካልደረቀ ይሻግታል፣ በወንፊት ካልወረደ ቆዳ ይቧጥጣል። ማር ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ ስኳሩ ሙቀት ይፈጥርና ሳሙናው ከሣጥኑ ገንፍሎ ይወጣል፤ ማር በገባበት ቀን ጋቢ አያስፈልግም።

ሽቶ ለአንድ ኪሎ ዘይት 30 ግራም ጣሪያ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ጠባዩ ገራም ነው። የቅርንፉድና የቀረፋ ዘይት ግን ውሕዱን በሰከንዶች ውስጥ ያረጋዋል፣ ስስ ቆዳም ያቃጥላል፤ ከ5 ግራም በታች፣ ያውም መጨረሻ ላይ። እጣን በዱቄቱ ቢገባ አይሟሟም፣ እንደ አሸዋ ይቀራል፤ ሽታውን የምትፈልጉ ከሆነ የተነጠረ ዘይቱን ፈልጉ።

ጤና አዳምና የሎሚ ዘይት በገላ ቅባት ውስጥ አይግቡ። ቆዳ ላይ ቆይተው ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ ቃጠሎ ያቆስላሉ፣ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። በደጋችን ፀሐይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅባቶች

የገንዘብ ዝውውሩ ቶሎ እንዲጀምር ለሚፈልግ ሰው ሳሙናው እስኪደርስ የከንፈርና የገላ ቅባት መሸጥ ብልህነት ነው፤ ዛሬ ተሠርቶ ነገ ይሸጣል። የማር ሰም አገራችን ሞልቷል። ከጠጅ ቤት የሚወጣውን ሰፈፍ ገዝቶ ማጥራት ይቻላል፦ በብዙ ውኃ ቀቅሉት፣ በወፍራም ጨርቅ አጥልሉት፣ እስኪበርድ አትንኩት። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የኛ 92 ዲግሪ ፍል ውኃ ይበቃዋል። ሲበርድ ሰሙ ላይ ይንሳፈፋል፣ እድፉ ከሥሩ ይፋቃል። የጠጅ ሽታው እስኪለቅ መደጋገም ያስፈልጋል።

ለከንፈር 25 ግራም ሰም፣ 25 ግራም የሺያ ቅቤ፣ 50 ግራም የጉሎ ወይም የሰሊጥ ዘይት። የሺያ ዛፍ በጋምቤላ ይበቅላል፤ ቅቤው ቀስ ብሎ ሲበርድ አሸዋ የመሰለ ፍሬ ስለሚሠራ፣ ከቀለጠ በኋላ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማማሰል ይገባል። የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ሱሉልታ ላይ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የረጋ ነው፤ በእሱ የተሠራ ቅባት ግን አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሲላክ በክዳኑ ይፈሳል። ወደ ቆላ ለሚሄድ ሰሙን ከአምስት እስከ አሥር ግራም ጨምሩ፣ ዘይቱን በዚያው ልክ ቀንሱ።

ውኃ፣ ጽጌረዳ ውኃ ወይም የሬት ዝልግልግ የሚገባበት ሎሽን ግን ሌላ ሥራ ነው። ውኃ ባለበት ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል፣ ለዓይን ሳይታይም። መከላከያ ሳይገባበት ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ የሚሸጥ ክሬም በገዢው ቆዳ ላይ ቁማር መጫወት ነው። እንደ ፌኖክሲኢታኖል ያለ መከላከያ በልኩ፣ ከአንድ በመቶ ሳያልፍ መጠቀም የማይችል ሰው ሎሽን አይሥራ። ከልቤ የምለው ነው።

ቃሉም እንደ ቅመሙ ይመዘን። ማድያት ያጠፋል፣ ችፌ ያድናል፣ ቆዳ ያቀላል ብሎ መጻፍ የመድኃኒት ወሬ ነው። ሳሙና ያጸዳል፣ ቅባት ያለሰልሳል፤ ይህ በቂ ነው። ከጎረቤት አልፋችሁ ወደ ሱቅ ለመግባት ስታስቡ የንግድ ፈቃድ አውጡ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለውበት መጠበቂያ ምርት ምን እንደሚጠይቅ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ማሸጊያ በብዛት ካሳተሙ በኋላ መጠየቅ ኪሳራ ነው።

ሒሳቡ

ከአንድ ድግስ አሥራ አራት ፍሬ ይወጣል ብለናል። አንዱ ለናሙና ይቀመጣል፣ አንዱ በመፈተኛና በተሰበረ ጠርዝ ይሄዳል። ስለዚህ ወጪው የሚካፈለው ለአሥራ አራት ሳይሆን ለአሥራ ሁለት ነው። ዘይት፣ ኮስቲክ፣ ሽቶ፣ ወረቀት፣ መለያ፣ ከመርካቶ የመጣበት ታክሲ፣ ለማድረሻ የሚከፈለው ሞተር፣ የሥራ ሰዓታችሁ። የሥራ ሰዓቱን የማይቆጥር ሰው ለሱቅ ሲሰጥ ይከስራል፤ ሱቁ የራሱን ትርፍ ሲያነሣ የሚቀረው ከጥሬ ዕቃው በታች ይሆናል። ከመጀመሪያው ሁለት ዋጋ አውጡ፣ አንዱ ለቀጥታ ገዢ፣ ሌላው ለሱቅ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የኮኮናት ዘይትና ሽቶ ዋጋ ስለሚለዋወጥ፣ ዋጋ የምታሰሉት ባለፈው በገዛችሁበት ሳይሆን ነገ በምትገዙበት ይሁን።

በሳምንት አንድ ድግስ ብትሠሩ የመጀመሪያዋ ፍሬ ስትሸጥ መደርደሪያው ላይ ስድስት ድግስ፣ 84 ፍሬ አለ፤ ስድስት ኪሎ ዘይት አንድ ብር ሳይመለስ ተገዝቷል ማለት ነው። ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ፍሬ ይደርሳል። ይህን መጠን የማይችል ኪስ በሳምንት ግማሽ ቀመር ይሥራ እንጂ ቀኑን አያሳጥር። ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ዕጣቸውን ለዘይት ማዋላቸው ጥሩ ነው፤ ለማሸጊያ ካርቶን ካዋሉት ግን ቸኩለዋል።

የበዓል ገበያም በዚሁ ይቆጠራል። ለእንቁጣጣሽ የሚሸጥ ሳሙና ሰኔ መጨረሻ ላይ መፍሰስ አለበት፣ ክረምቱ ያዘገየዋልና። ለገና ግን እስከ ጥቅምት ማብቂያ የፈሰሰው ይደርሳል።

መሸጫው ቅርብ ነው። የኮንዶሚኒየም ብሎኮች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፣ ክፍያው በቴሌብር ያልቃል። የሰፈር ፀጉር ቤት ከሱቅ ይሻላል፤ ደንበኛዋ ተቀምጣ ስትጠብቅ አሽትታ፣ ነክታ፣ ጠይቃ ትገዛለች። ሸጠው እንዲከፍሏችሁ ስትሰጡ ብዛቱንና ቀኑን በሁለት ወረቀት ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ ቅያሜ የሚመጣው ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ሦስት ዓይነት ሳሙና ለጀማሪ ይበቃል፤ አንዱ ሽታ የሌለው ይሁን፣ ለሕፃናትና ለስስ ቆዳ የሚፈልገው አይጠፋም።

መለያው ላይ የገባውን ሁሉ፣ የደረቀውን ክብደት፣ የተሠራበትን ቀን፣ ስልክ ቁጥርና የድግስ ቁጥር ጻፉ። የድግስ ቁጥሩ ከደብተሩ ጋር አንድ ይሁን፤ ደብተሩ ላይ የእያንዳንዱ ዘይት ግራም፣ የኮስቲኩ ግራም፣ የተገዛበት ቦታና ቀን ይገኝበታል። አንዲት ደንበኛ ደውላ አሳከከኝ ካለች መጀመሪያ አጠቃቀሟን እንድታቆም ንገሯት፣ ከዚያ ቁጥሩን አስነብቧት። ያንን ድግስ ናሙና አውጥታችሁ በምላስ ሞክሩ። ከነዘረ የቀሩትን ከሱቅ ሰብስቡ፣ ገንዘቧንም መልሱላት። ካልነዘረ ሽቶውን ተመልከቱ፣ ሽታ የሌለውን ፍሬ በነጻ ስጧት፣ የክንዷ ውስጠኛ ቆዳ ላይ በትንሹ ሞክራ ለአንድ ቀን እንድትጠብቅ ንገሯት፣ ያለችውንም በዚያው የድግስ ቁጥር ሥር ጻፉት።